«በጣም ጥሩ» ወደሚሉ ሰዎች አገር

አርሲን አሥራ አራት ዓመት ያህል በሠንጠረዥ አውቃት ነበር። ሥራዬ ከየአካባቢው የሚሰበሰበው የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ አዲስ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ማጽዳት ነው። «ማጽዳት» የምንለው የተደጋገመውን ማውጣት፣ የተዛባውን ማስተካከል፣ ኮምፒውተሩ የማይወደውን ማንሳት ነው። ስለዚህ የአሰላ ሰው ስለ ኑሮ ውድነት ምን እንደሚያስብ፣ የጢቾ ገበሬ ከሚመጣው ዓመት ምን እንደሚጠብቅ፣ የጎበሳ ነጋዴ ማንን እንደሚያምን ብትጠይቁኝ ከወንበሬ ሳልነሳ እነግራችሁ ነበር። አሰላ እንደሚበርድ ግን አላውቅም ነበር። መጠይቃችን ላይ ስለ ብርድ ጥያቄ የለም።

እንዴት እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ኅዳር መግቢያ ላይ ኃላፊያችን ጠራችኝና ከጢቾና ከጎበሳ ዙሪያ የመጣ አንድ ፋይል አሳየችኝ። ሁሉንም የሞላችው ኩልሱማ የምትባል የአሰላ መረጃ ሰብሳቢ ናት። መጠይቃችን በስድስት ጥያቄዎች ይጀምራል፦ ኑሮ እንዴት ነው፣ የቤተሰቡ ጤና እንዴት ነው፣ ምርቱስ፣ ከብቱስ፣ የአካባቢው ሰላምስ፣ የሚመጣው ዓመትስ? ለእያንዳንዱ ከ«በጣም ጥሩ» እስከ «በጣም መጥፎ» አምስት ምርጫ አለ። ኩልሱማ የጠየቀቻቸው ሰዎች በሙሉ ለስድስቱም «በጣም ጥሩ» ብለዋል። በዚያ ላይ ታብሌቱ ሰዓት ይመዘግባል፤ አንዱን ቤት በሩብ ሰዓት ትጨርስና ቀጣዩን ቤት የምትጀምረው ሁለት ሰዓት ቆይታ ነው። ቤቶቹ ደግሞ ተጎራባች ናቸው።

ኃላፊያችን ነገሩ ግልጽ ሆኖላታል። ሴትዮዋ ሻይ ቤት ቁጭ ብላ ራሷ ሞልታዋለች ነው የምትለው። እንዲህ ያለ ነገር የተገኘበት መረጃ ሰብሳቢ ከሥራው ይባረራል፤ ስሙም በየጥናት ቢሮው ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይቀጥረውም። የእኔ ድርሻ ኩልሱማ የሄደችባቸውን ጥቂት ቤቶች ደግሜ መጠየቅና እውነት መሆን አለመሆኑን በፊርማዬ ማረጋገጥ ነበር። ለእሷ ግን ለመስክ ጉብኝት መጣሁ እንድላት ታዘዝኩ። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። የጎረቤቱን ስም እንኳ ጠይቆ የማያውቅ ሰው የሰው ልብ ሊጠይቅ አርሲ ሊሄድ ነው ብላ ለእህቷ ደወለችላት።

ሰኞ

አዳማ ስንደርስ ሙቀቱ ስላስጨነቀኝ ሹራቤን አውልቄ አጠገቤ አስቀመጥኩ። መኪና ቀየርኩ። ሹራቡ በመጣበት መኪና ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ከእኔ አራት ቀን ቀድሞ ቤቱ መግባቱ ነው።

ከአዳማ ወደ አሰላ በምትወጣው ቅጥቅጥ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽበት ጣል ያለባቸው ሰውዬ ዴራ ሳንደርስ ስሜን፣ ሥራዬን፣ የልጆቼን ቁጥርና የክፍል ደረጃ፣ እናት አባቴ በሕይወት መኖራቸውን፣ ቤቴ የራሴ ይሁን የኪራይ ጠይቀው ጨረሱ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የታክሲ መስመር ሃያ ዓመት ስመላለስ ከጎኔ ለተቀመጠ ሰው «ጠጋ በል» ከማለት በቀር ምንም ተናግሬ አላውቅም። የሰውዬው መጠይቅ ከመሥሪያ ቤቴ መጠይቅ ይሻል እንደነበር አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያኔ ግን እንቅልፍ የመጣብኝ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው። እዚህም እዚያም ኮምባይነር እንደ ቀይ ጢንዚዛ ማሳው ላይ ይሳባል። የመስኮቱ አየር ተለውጧል፤ ሰው ሁሉ ጋቢውንና ጃኬቱን እየሳበ ነው። እኔ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሻለሁ።

አሰላ ባጃጁም የፈረስ ጋሪውም ይጋፋሉ፤ ጋሪው ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። ያረፍኩት ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ ባልቴት በሚያከራዩት ክፍል ነው። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን ኦሮምኛውን ከአማርኛው ቀላቅለው ሲያወሩ የትኛው የት እንዳለቀ አይታወቅም። ስንቀጠቀጥ አይተው ምንም ሳይጠይቁኝ ወደ ውስጥ ገቡና የሟች ባለቤታቸውን ካፖርት አምጥተው አለበሱኝ። እጅጌው ጣቶቼን አልፎ ይሄዳል።

እራት እስኪቀርብ ሥራዬን ለመለማመድ ብዬ ስድስቱን ጥያቄዎች እሳቸው ላይ ሞከርኩ። ለስድስቱም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ። ሽሮዬን አጋምሼ ስበላ ግን ውኃ ከመጣ አምስተኛ ቀኑ እንደሆነ፣ ጉልበታቸው ደረጃ እንደማያስወጣቸው፣ አንዷ ልጃቸው ትዳሯን ጥላ እንደመጣች ነገሩኝ። እኔም መጠይቁ አልቋል፣ ይህ ወሬ ነው ብዬ አንገቴን እየነቀነቅኩ በላሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት መናኸሪያ እስክደርስ ሦስት ሰዎች ከሩቅ እጃቸውን እያውለበለቡ መጡና ፊቴን ሲያዩ ደንግጠው ቆሙ። ሰላም ያሉት እኔን ሳይሆን ካፖርቱን ነው። አንደኛው ቀረብ ብሎ ወይዘሮ አልማዝ አገቡ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

ኩልሱማ መናኸሪያው በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የላስቲክ ቦት ጫማ ተጫምታ፣ ትልቅ ቦርሳ በደረቷ አንጠልጥላለች። የአርሲ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ፈጣንና ጥርት ያለ ነው። ቦታ ይዛልኛለች፤ የመስኮቱን በኩል እሷ ወስዳ ነፋሱን ከለለችልኝ። በፋይሉ ላይ ያየኋት ሴት እንዲህ ትሆናለች ብዬ አልጠበቅሁም። አጭበርባሪ ሰው ሌላ ዓይነት ፊት ይኖረዋል ብዬ አስብ እንደነበር ያኔ ነው የታወቀኝ።

መንገዱ የጭላሎን ተራራ ወደ ኋላ እየተወ ዳገቱን ሲወጣ ጉም ዋጠን። ከጉሙ ውስጥ አንዴ ፈረሰኛ፣ አንዴ የገብስ ክምር ብቅ ይላል። ተሳፋሪው ጸጥ ሲል ኩልሱማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስንት ቤት ደግሜ እንደምጠይቅ ጠየቀችኝ። የመጣሁት ለመስክ ጉብኝት ነው አልኳት፤ እንደታዘዝኩት።

«እሺ ጋሽ መስፍን» አለች። «የሚጎበኟቸው ቤቶች ግን ሁሉም የኔ ናቸው።»

ውሸት ስለማልችልበት ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ ሁሉንም ነገርኳት ማለት ነው። ስድስቱ ጥያቄዎች ላይ ሁሉም «በጣም ጥሩ» ማለታቸው እንዳልታመነ፣ በቤትና በቤት መካከል ያለው ሁለት ሰዓትም እንዳጠራጠረ ቀስ በቀስ አወጣሁት። አልተቆጣችም። ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ» አለች። «እናንተ ምን እንደምትወዱ አውቃለሁ። ትንሽ ጥሩ፣ ትንሽ መጥፎ፣ ብዙ መካከለኛ። ብዋሽ ኖሮ ወላሂ እሱን ነበር የምሞላው።»

እውነቷን ነው። እንደዚያ ያለ ፋይል ቢደርሰኝ ሻይ እየጠጣሁ በግማሽ ቀን አጽድቼ አሳልፈው ነበር። ያን ለእሷ አልነገርኳትም። ስለ ሁለቱ ሰዓት ስጠይቃት ግን ነገ ራሴ እንደማየው ነግራኝ መስኮቷን ማየት ቀጠለች።

ጢቾ የገባነው በገበያ መበተኛ ሰዓት ነው። ሆቴሉ ሦስት ብርድ ልብስ ሰጠኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ ሲበዛብኝ እግሬን የማወጣ ሰው ሦስቱን ደርቤ፣ ካፖርቱንም ሳላወልቅ ተኛሁ። የአስተናጋጇ ደግነት ደግሞ ሌላ ነው፤ ጠዋት የፊት መታጠቢያ ውኃ ሞቅ አድርጋ አምጥታ፣ አዲስ አበባ ሰው በቀዝቃዛ ውኃ ሲታጠብ እንደሚያለቅስ በብዙ እንግዶች አይቻለሁ አለችኝ።

ረቡዕ

የመጀመሪያው ቤት የሐጂ ቃሲም ነው። ከጢቾ አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ዳገት ላይ ይኖራሉ፤ ስንዴና ገብስ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። እንግዳ እንደሚመጣ ኩልሱማ ደውላ ስለነገረቻቸው ከገበያ ከሚመለስ ጎረቤታቸው ጋር ፈረሳቸውን ልከውልኛል። ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ጎረቤትየው ከታች፣ ኩልሱማ ከጎን ሆነው ደግፈው ሰቀሉኝ፤ ካፖርቱ የፈረሱን ግማሽ አለበሰው።

ፈረሱ ልማድ ነበረው። ሰው ባየ ቁጥር ይቆማል። ሐጂ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ሳይሳለሙ አያልፉም፤ ፈረሱም ሰላምታ የሚፈጀውን ጊዜ ያውቃል። እኔ ጎትቼውም ረግጬውም አልነቃነቅም አለ፤ ስለዚህ መሳለም ግድ ሆነብኝ። ሰላም ነው? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? እህሉ ገባ? ጎረቤት ደህና? ሁሉም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ እኔም «ይመስገን» እላለሁ፤ ፈረሱ መልሱን ሰምቶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ለማሳጠር ሞክሬ ነበር። አንገቱን አዙሮ አየኝ እንጂ አልተራመደም።

ሐጂ ቃሲም በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሲቸግራቸው በኦሮምኛ ይናገሩና ኩልሱማ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። ሥራዬን አስረዳሁና ታብሌቱን አወጣሁ። ተጽዕኖ እንዳይሆንባቸው ኩልሱማን ደጅ እንድትጠብቅ ጠየቅኋት፤ ወጥታ ግንቡ ላይ ተቀመጠች።

ኑሮ እንዴት ነው ሐጂ? አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ጥሩ። የቤተሰቡ ጤናስ? አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ጥሩ። እዚህ ላይ ሐጂ በተራቸው ያንተስ ቤተሰብ ብለው ጠየቁኝ፤ ሁሉም በጣም ደህና ናቸው፣ ይመስገን አልኳቸውና ወደ ሦስተኛው ጥያቄ አለፍኩ። ምርቱ በጣም ጥሩ፣ ከብቱ በጣም ጥሩ፣ ሰላሙ በጣም ጥሩ፣ የሚመጣው ዓመት ኢንሻአላህ በጣም ጥሩ። ቀሪዎቹን ጥያቄዎችም በዚያው መንፈስ ጨረሱልኝ። ሩብ ሰዓት አልሞላም።

ታብሌቱን ስዘጋ የተናገርኩት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ተመልሶ መጣ። ሁሉም በጣም ደህና ናቸው ብያለሁ። እናቴ ከነሐሴ ጀምሮ ወገቧን ታማ ተኝታለች፤ በየሌሊቱ የማገላብጣት እኔ ነኝ። ሐጂን ለመዋሸት ግን አላሰብኩም ነበር። የጠየቁኝ ሰላምታ ነው፤ የመለስኩትም ሰላምታ ነው። እነዚያን ስድስት ጥያቄዎች ከመንገዱ ሰላምታ ጋር በልቤ ሳስተያያቸው ከሚመጣው ዓመት በቀር አንድም የሚቀር አልነበረም። መሥሪያ ቤቴ ባለሙያ ሰብስቦ፣ ወራት ፈጅቶ፣ የሐጂ ፈረስ በቃሉ የሚያውቀውን ነገር ጽፎ ወደ አርሲ ልኳል።

ኩልሱማ ስትገባ የሐጂ ባለቤት ተከትለው ጩኮና እርጎ ይዘው መጡ። ጩኮው ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የተሠራ ነው፤ ቅቤው ያብረቀርቃል። መመሪያችን ደግሞ ከተጠያቂ ቤት ውኃ እንኳ አትቅመሱ ይላል፤ መልሱን ያበላሻል ተብሎ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነኝ አልኩ። የሴትዮዋ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ሐጂ ወደ በሩ ተመለከቱ፤ ጨዋታው አልቋል፣ እንግዳው ሊሄድ ነው።

«ጋሼ፣ ይብሉ» አለች ኩልሱማ ቀስ ብላ። «ካልበሉ የሚነግሩዎት ሰላምታውን ብቻ ነው። የቤቱን ጭንቀት ላልበላ እንግዳ ማውራት ነውር ነው። እኔ መጀመሪያ መጠይቁን እንዳሉኝ እሞላለሁ፤ እዘጋዋለሁ። ከዚያ እበላለሁ። ከዚያ እሰማለሁ።»

ሁለቱ ሰዓት የት እንደሚሄድ ገባኝ። በላሁ። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ጩኮ በጾም ቤት ላደገ ሆድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን በላሁ። እርጎውን ስጨርስ ሴትዮዋ እንደገና ሞሉት። ሐጂ የምችለውን ያህል መብላቴን ካረጋገጡ በኋላ ጉልበታቸውን አጥፈው ተመቻችተው ተቀመጡና ማውራት ጀመሩ።

ሦስት ወንዶች ልጆች አላቸው። ሁለቱ ሳዑዲ ናቸው። ትንሹ ወደ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ሁለተኛ ክረምቱ አለፈ፤ አንድም ቀን አልደወለም። እሳቸው ዘንድሮም አርሰዋል፣ ስንዴውም ጥሩ ነው፤ ግን ማሳው ዳር ቆመው ለማን ነው የማርሰው ይላሉ። ሌሊት ስልኩን ራስጌያቸው አድርገው ይተኛሉ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ባለቤታቸው ግን እቃውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«ባለፈው ለኩልሱማ ነግሬያት ነበር» አሉ። «ጻፊው አልኳት። እኔ ማወቅ የምፈልገው ልጆቹ የሚሄዱት ከኔ ቤት ብቻ ነው ወይስ ከሰው ሁሉ ቤት? እኔ ምን በድዬ ነው? እናንተ አገሩን ሁሉ ትጠይቃላችሁ። ሌሎቹ ምን አሉ?»

ኩልሱማን አየኋት። መጠይቁ መጨረሻ ላይ «ተጨማሪ ማስታወሻ» የሚል ቦታ አለ፤ ሐጂ ያሏትን ቃል በቃል እዚያ እንደጻፈችው፣ የሁሉንም ቤት እንደዚያው እንደጻፈች ነገረችኝ። ጋሼ አንብበውታል፣ እሳቸው ይነግሩዎታል አለቻቸው ለሐጂ። ይህን ስትል በኩራት ነበር። ለዘጠኝ ዓመት አዲስ አበባ የሚያነበው ሰው አለ ብላ ስትጽፍ ኖራለች፤ ያ ሰው ይኸው ፊቷ ተቀምጧል።

ያን ቦታ አንብቤው አላውቅም። ፋይል ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማደርገው «ተጨማሪ ማስታወሻ»ን ከነዓምዱ መሰረዝ ነው። ቁጥር አይደለም፣ ኮምፒውተሩ አይደምረውም። አሥራ አራት ዓመት በአንድ ጣት ሰርዤዋለሁ። ካፖርቱ ውስጥ ላብ አጠመቀኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ሐጂ፣ አላነበብኩትም» አልኳቸው። «ጽፋዋለች። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

ኩልሱማ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሐጂ የፈሰሰ እርጎ ካፖርቴ ላይ እንዳለ በጣታቸው አሳዩኝ። መጥረጊያ ጨርቅ ሰጡኝ። ሲሸኙኝ ፈረሱ ላይ በደንብ እንድይዝ፣ በቁልቁለቱ ወደ ኋላ ጋደል እንድል ነገሩኝ፤ ስለ ማስታወሻው አንድም ቃል አልጨመሩም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ወደ ጎበሳ ስንሄድ ኩልሱማ እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ አላናገረችኝም። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ይቅርታ አደረገችልኝ ማለት አይደለም፤ ለብቻ መብላት አትችልበትም።

እዚያ አንድ ነገር ልሞክር ብዬ ወሰንኩ። መመሪያውን ገልብጬ መጀመሪያ እበላለሁ፣ ቀጥሎ እጠይቃለሁ። ገበያው ዳር ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ሱቅ ገብተን ሻይና ጨጨብሳ በላን፤ ስለ ጨርቅ ዋጋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ እኔ ካፖርት ተጫወትን። ከዚያ ያንኑ ስድስት ጥያቄ ጠየቅኋት። ኑሮ መጥፎ ነው አለች። ጤና መካከለኛ። የሚመጣውን ዓመት ስትመልስ ደግሞ ወደ በሩ አየችና አላውቅም፣ እፈራለሁ አለች። ባለፈው ለኩልሱማ ለስድስቱም «በጣም ጥሩ» ያለችው ይህችው ሴት ናት። ኩልሱማ ጥያቄው ሲጀመር ደጅ ወጥታ ስለነበር አልሰማችም፤ ስነግራት አውቀዋለሁ፣ ማስታወሻው ላይ አለ አለችኝ።

ይህን ዘዴ እስከ ማታ አራት ቤት ሞከርኩት። በአራቱም ሰዎቹ ልባቸውን ሰጡኝ፤ በአራቱም ደግሞ ገንፎ፣ እርጎ፣ ቂጣ፣ እንደገና ገንፎ ሰጡኝ። በአራተኛው ቤት አንድ ጎልማሳ ስለ መንገዱ ብልሽት በምሬት ሲነግረኝ እኔ ሆዴን ይዤ አቃስታለሁ፤ እሱ ለችግሩ ያዘንኩ መስሎት ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገ። ኩልሱማ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው። ሳቅዋ መልሶ የሚያስቅ ዓይነት ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቀን አራት ቤት እንዴት እንደቻለችው ጠየቅኋት፤ ቀበቶ አይታጠቁ አለችኝ።

ዓርብ

አሰላ ተመልሼ ካፖርቱን ለወይዘሮ አልማዝ መለስኩ። እርጎው የነካውን ቦታ አይተው ባላቸውም እንደዚሁ ነበሩ አሉኝ። ከመሄዴ በፊት ቁጭ አልኩና ስለ ልጃቸው ጠየቅኳቸው። ሰኞ ዕለት ነግረውኝ አንገቴን እየነቀነቅኩ የበላሁበትን ነገር አሁን እስከ መጨረሻው ሰማሁ። መኪና አመለጠኝ። የሚቀጥለውን ያዝኩ።

ኩልሱማ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ስለ ሥራዋ አልጠየቀችኝም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍም አልጠየቀችኝም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነገርኳት፤ ያየሁትን በሙሉ፣ የእኔንም ጭምር እንደምጽፍ። እሺ አለችና በመስኮቱ በኩል ውኃ አቀበለችኝ።

ከተመለስኩ በኋላ

ሪፖርቴን ጻፍኩ። መረጃ ሰብሳቢዋ የሞላችው አንድም ውሸት የለበትም፤ ሰዎቹ ያሏትን ሞልታለች፤ የቀረውን ማስታወሻ ላይ ጽፋለች፤ የጠፋው በእኔ እጅ ነው አልኩ። ኃላፊያችን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጩኮን መጠይቁ ውስጥ የት ላስገባው ብላ ጠየቀችኝ፤ ቀልዷን አልነበረም። በመጨረሻ ስድስቱ ጥያቄዎች ወደ መጠይቁ መጨረሻ እንዲሄዱ፣ የምግቡም ክልከላ እንዲነሳ ተስማማች። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ይገባኛል። ኩልሱማ ለሚቀጥለው ዙር ተቀጠረች፤ ስሟ ንጹሕ ነው።

ከማጽዳቴ በፊት የነበረው ፋይል ሁሉ ቅጂው ከነማስታወሻው የመረጃ ማከማቻው ውስጥ ነበር። አስወጥቼ አነበብኩት፤ የኩልሱማን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም፣ ከሌላ አካባቢ የመጣውንም። አራት ቀን ፈጀብኝ። በየቤቱ ከምግብ በኋላ፣ ወይም በር ላይ ሲሸኙ የተነገረ ነው። ልጄ ሄደ። ልጄ ሊሄድ ነው፣ በሬውን ሽጥልኝ ይለኛል። ሁለቱም ሄዱ። ከሦስት ማስታወሻ አንዱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ እያንዳንዱም እኔ ብቻ ነኝ ብሎ የተናገረ ይመስላል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ኩልሱማ ጋ ደወልኩ። የሥራውን ነገር ስነግራት እሺ፣ አመሰግናለሁ አለችና ወዲያው ሐጂን ምን ልበላቸው አለችኝ። እኔ ልንገራቸው አልኳትና ስልካቸውን ተቀበልኩ።

ሐጂ ሲያነሱ መጀመሪያ ሰላምታውን በሙሉ ተሳለምን። ቤተሰቤን ሲጠይቁኝ እናቴ ታማ እንደተኛች ነገርኳቸው፤ አላህ ያሽራት አሉ። ከዚያ የጠየቁኝን መለስኩላቸው። የማንንም ስም ሳልጠራ፣ ከእርስዎ ቤት ብቻ አይደለም፣ በአካባቢዎም በሌላ አገርም ከሦስት ቤት አንዱ ይህንኑ ብሏል አልኳቸው።

«አሁን ከጁምዓ መመለሴ ነው» አሉ ሐጂ። «መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆመን ሁላችንም ደህና ነን ተባባልን።»